ፍሬን ለሌላት ተጎታች ፍሬን መምረጥ፦ የአንድ ቁልቁለት ጉዳይ ጥናት

ተጎታቿ ባለ አንድ አክስል ናት። ባዶዋን 380 ኪሎ ትመዝናለች። ጄኔሬተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የብረት ቱቦው፣ የመፍቻ ሳጥኑና የነዳጅ ጀሪካኑ ሲጫንባት ሚዛኑ 1,100 ኪሎ አለ። ፍሬን የሚባል ነገር የላትም። የሚጎትታት ደብል ጋቢና ፒካፕ ነው፤ ባለ ሪዶታ (በዝግታ፣ በብዙ ጉልበት የሚያስኬድ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው)፣ ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን።

ባለቤቱ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ነው። አስፋልት ላይ ተጎታቿ አስቸግራው አታውቅም። ጣጣው ያለው ወደ ሸለቆ በሚወርደው ጥርጊያ ላይ ነው። መንገዱ በዘጠኝ ኪሎ ሜትር ውስጥ 700 ሜትር ይወርዳል። አብዛኛው ልቅ ጠጠር ነው። አንዳንድ ቦታ ቁልቁለቱ 20 በመቶ ይደርሳል፤ በየመቶ ሜትሩ ሃያ ሜትር ዝቅ ማለት ነው። ታች ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። መሃል ላይ ደግሞ ተጎታች ይዘው ባንዴ የማይታጠፏቸው ሹል ኩርባዎች አሉ። ሾፌሩ ይቆማል፣ ሽቅብ ወደ ኋላ ትንሽ ይገፋል፣ ከዚያ እንደገና ይጠመዝዛል። ይህችን የመጨረሻ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አንድ ቀን ከኩርባው በላይ ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ። ፒካፑ ያዘ፣ ተጎታቿ ግን መግፋቷን ቀጠለች። የፒካፑን ኋላ ወደ ጎን ወሰደችው። ደግነቱ የኋላ ጎማው የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተደግፎ ቆመ። ሰውም ዕቃም አልተጎዳም። ባለቤቱ በማግስቱ ደወለ። ሥራዬ ተጎታች መሥራትና መጠገን ስለሆነ እንዲህ ያለ ስልክ አዲስ አይደለም። «ፍሬን ላስገጥምላት ነው። አንተ ብቻ የትኛውን እንደሆነ ንገረኝ» አለኝ።

ከቴክኒኩ በፊት ሕጉን እንለፍ። በአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የማይበልጥ ተጎታች ያለ ፍሬን መሄድ ይችላል። በአውስትራሊያም ወሰኑ 750 ኪሎ ነው፤ ከ2,000 ኪሎ በላይ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ጎማ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ቁጥር አለው። ብዙዎቹ 3,000 ፓውንድ ይላሉ፣ ወደ 1,360 ኪሎ መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ግን 1,500 ፓውንድ ላይ ትጀምራለች። እንግዲህ ይህቺው ተጎታች አንዱ አገር ሕገወጥ፣ ሌላው አገር ደንበኛ ሕጋዊ ናት። የአገራችሁን ቁጥር እወቁት፣ ምርጫውን ግን ለእሱ አትተዉት። ቁጥሩ የምትወርዱትን ቁልቁለት አያውቀውም።

ቁልቁለቱን የሚያውቀው ሂሳብ ይኸውላችሁ። 1,100 ኪሎ ነገር 700 ሜትር ሲወርድ 7.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት ይለቃል። ያው ተጎታች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢቆም የሚለቀው 153 ሺህ ጁል ነው። ሲካፈል ሃምሳ አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ያንን መንገድ አንዴ መውረድ ከ60 ተነስቶ ሃምሳ ጊዜ ያህል እንደመቆም ነው። የተወሰነውን ጠጠሩና ጎማው ይበሉታል። የቀረው የሆነ ቦታ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ተጎታቿ ፍሬን ከሌላት ያ ቦታ የፒካፑ ሞተርና ፍሬን ነው፣ ሌላ የለም።

ሁለተኛው ሂሳብ ግፊቱ ነው። 20 በመቶ ቁልቁለት ላይ ይህች ተጎታች ጋንቾውን፣ ከፒካፑ ጋር የተያያዘችበትን መንጠቆ፣ ከ200 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ትገፋዋለች። መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነ ግፊቱ ይቻላል። ኩርባ ላይ ግን ፒካፑና ተጎታቿ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ግፊቱ በአግድም ይገባል። ካሶኒው ባዶ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን የጨበጡት በጣታቸው ጫፍ ነው። የዚያን ቀን የሆነውም ይኸው ነው።

ባለቤቱ መጀመሪያ ያሰበው ጭነቱን መቀነስ ነበር። ከ750 ኪሎ በታች አድርጎ ሁለት ጊዜ መመላለስ። አልወደድኩትም። 750 ኪሎም እዚያ ቁልቁለት ላይ 147 ኪሎ ይገፋል፤ ያውም አደጋውን ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ ነው የሚገዛው።

እኔ በበኩሌ ያነሳሁት ዲስክ ፍሬን ነበር። ዲስክ ጭቃ አያጠራቅምም፣ ከውሃ ሲወጣ ቶሎ ይደርቃል። ችግሩ የሚፈልገው ግፊት ነው። ከታምቡር (ሸራዎቹ ከውስጥ የሚይዙት ከበሮ መሰል ፍሬን) በጣም የሚበልጥ የዘይት ግፊት ካላገኘ አይዝም። ያንን ከጋቢና እያዘዙ ለማምጣት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ፣ የዘይት ቱቦና ዲስኩን የሚጨብጥ ፒንሳ ተጎታቿ ላይ መደርደር ነው። ጠጠር ላይ ስትንቀጠቀጥ ለምትውል ባለ አንድ አክስል ተጎታች ይህ ሁሉ በዛብኝ። አንዲት ቱቦ ድንጋይ ቢመታት ያለ ፍሬን ሸለቆ ውስጥ መቅረት ነው። የሦስት ቶን ተጎታች ብትሆን ሌላ እናወራ ነበር።

ስለዚህ በሁለት ቀረ፦ የግፊት ፍሬን እና የኤሌክትሪክ ፍሬን።

የግፊት ፍሬን ብልህ ሥራ ነው። ፒካፑ ሲይዝ ተጎታቿ ወደፊት ትገፋለች። ጋንቾው ላይ ያለው ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ማንሻ ይገፋል፣ ማንሻው የብረት ገመድ ይስባል፣ ገመዱ ታምቡሩ ውስጥ ያሉትን የፍሬን ሸራዎች ይከፍታል። በቃ። ኤሌክትሪክ የለም፣ ጋቢና ውስጥ የሚገጠም ነገር የለም። ጋንቾ ያለው ማንኛውም መኪና ይጎትታታል። ጭነቱ ሲከብድ ግፊቱም ይከብዳል፣ ፍሬኑም እንደዚያው። ባዶዋን ስትሆን ራሱ ይለዝባል። በአውሮፓ ቀላል ተጎታች ላይ የተለመደው ይኸው ነው። የጀርመኖቹ አልኮ እና ክኖት ስማቸውን የተከሉት በዚህ ነው።

ባለቤቱ ልቡ ወደዚህ አደላ። አልፈረድኩበትም። የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው፣ ሲበላሽም በመፍቻና በፒንሳ ይጠገናል። ግን ያቺ ኩርባ አለች።

ኩርባው ላይ ሽቅብ ወደ ኋላ ስትገፋ ዘንጉ ምን ይሰማዋል? ግፊት ነው የሚሰማው። ቁልቁል እየወረድክ ይዘህም ይሁን ሽቅብ ወደ ኋላ እየገፋህ ለእሱ አንድ ነው። ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ወደ ኋላ በገፋህ ቁጥር ተጎታቿ ፍሬኗን ትይዝብሃለች። በምትገፋው መጠን ትነክሳለች። ሾፌሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ጎማ ጠጠር ይቆፍራል፣ ክላች ይሸታል።

መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። አንዱ ዘንጉን በእጅ የሚቆልፍ ምላስ ነው። ሰው ወርዶ ይቆልፋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከዚያ ወርዶ ይከፍታል። ምላሱ ተቆልፎ እያለ ግን ተጎታቿ ፍሬን የላትም። መክፈት ከተረሳ ደግሞ የቀረውን ቁልቁለት ያለ ፍሬን ነው የምትወርደው። ሌላው ዘመናዊው ነው። ታምቡሩ ወደ ኋላ ሲዞር አንደኛው ሸራ ራሱን አጥፎ ይለቃል። አስፋልት ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ድንቅ ነው። እዚህ ግን ሌላ ጉድ አለው። ሽቅብ እየወጣህ ጎማ ሲሽከረከር ወይ ሞተር ሲጠፋብህ ወደ ኋላ ትንሸራተታለህ። ያን ጊዜ ሸራው ታጥፎ ይለቃል። ተጎታቿ እንድትይዝልህ አጥብቀህ በምትፈልግበት ሰዓት የለችም። የእጅ ፍሬኗም ቢሆን መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ተንከባልላ ነው የምትይዘው። ገደል አጠገብ «ትንሽ» ስንት እንደሆነ ሾፌሩን ጠይቁት።

አንድ ሌላ ነገርም ነበረ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ፒካፑ ወደ ግራ ተጎታቿ ወደ ቀኝ ሲያጋድሉ ጋንቾው በሁሉም አቅጣጫ መዞር አለበት። የግፊት ፍሬን ያለው ጋንቾ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይዞርም። የሚዞረውን አይነት መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የኤሌክትሪኩ አሠራር ደግሞ ይህን ይመስላል። ታምቡሩ ውስጥ በክንድ ጫፍ የተያዘ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚዞረው ታምቡር ፊት ላይ ይጣበቃል። ታምቡሩ ይዞት ሊሄድ ይጎትተዋል። ክንዱ ይዞራል፣ ሸራዎቹን ይከፍታል። ጉልበቱ የሚመጣው ከጎማው መዞር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ማግኔቱን ከማጣበቅ ያለፈ ሥራ የለውም። ለሁለት ጎማ ከ6 እስከ 8 አምፔር ይበቃዋል። ወደ ኋላም ይሠራል፣ ሸራዎቹ ለወደፊት ጉዞ ስለተደረደሩ ግን ይደክማል። ከምንም ይሻላል።

ትልቁ ልዩነት ያለው ጋቢናው ውስጥ ነው። ፍሬኑን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ሾፌሩ እጅ ላይ ነው። የፒካፑን ፍሬን ሳይነካ ተጎታቿን ብቻ መያዝ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ይህ ማለት ሁሉም ነገር ማለት ነው። ተጎታቿ ከኋላ ትንሽ ስትያዝ ፒካፑ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የተጫነች አህያን ጅራቷን ይዞ ቁልቁለት እንደማስወረድ ነው። ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ አይነካውም፣ ተጎታቿ ነፃ ናት።

መቆጣጠሪያው ራሱ ሁለት አይነት ነው፤ ሻጮች ይህን ሲያስረዱ ሰምቼ አላውቅም። አንደኛው መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ለክቶ ለተጎታቿ የሚያከፋፍል ነው። ለአስፋልት ከዚህ የተሻለ የለም። በሪዶታ፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፣ ሞተር ይዞህ ስትወርድ ግን ፍጥነትህ አይቀንስም። የሚለካው ነገር ስለሌለ መቆጣጠሪያው ምንም አይልክም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ሾፌሩ አስቀድሞ በመዘውር የሚወስነው ነው። ፔዳል ሲረገጥ የተወሰነለትን ያህል ይልካል፤ መዘውሩ ሲጫን ደግሞ ያለ ፔዳልም ይልካል። ሁለቱንም የያዘ አለ፣ የተገዛውም እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ ተደራድረናል፣ በዚህ አልተደራደርኩም።

ባለቤቱ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። «ወንድሜ በራሱ መኪና ሲጎትታትስ?» መልሱ አጭር ነው። መቆጣጠሪያ የሌለው መኪና ሲጎትታት ፍሬን የላትም። ተጎታቿ ላይ ተገጥመው ያለ ሽቦ ከስልክ የሚታዘዙ አሉ። እኔ ግን በሽቦና በመዘውር የሚሠራው ይሻለኛል። ለወንድምየው መኪናም አንድ ተገዛ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ዋጋ ሲሰላ የሚጎትቱት መኪኖች ቁጥር አብሮ ይሰላ።

መጠኑ 10 ኢንች ታምቡር፣ የሸራው ስፋት 2 ከሩብ ኢንች። ይህ መጠን 3,500 ፓውንድ፣ ወደ 1,590 ኪሎ፣ በሚሸከም አክስል ላይ የተለመደ ነው። «12 ኢንቹ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ከዚህ ለሚከብድ አክስል የተሠራ ነው። ባዶዋን 380 ኪሎ በሆነች ተጎታች ላይ ገና ሲነኩት ጎማ ይቆልፋል። ቸርኬዋም እንደ ፒካፑ ባለ ስድስት ብሎን 16 ኢንች ሆነ። አንድ መጠባበቂያ ጎማ ለሁለቱም ይሠራል።

አሮጌው አክስል የፍሬን ሰሌዳ (ሸራዎቹንና ማግኔቱን የሚሸከመው) የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት አልነበረውም። ብየዳ ቤቱ «በየን እንጨምርለት» አለ። ይቻላል። ግን ያ ብረት ከአክስሉ ማዕከል ትንሽ ከሳተ ወይ ከተጣመመ ሸራው በአንድ ጎን ብቻ ይበላል። ሙሉ አክስል ተቀየረ።

አሁን ወደ ሽቦው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ «የኤሌክትሪክ ፍሬን አይዝም» ከሚለኝ ሰው ብዙው የፍሬን ችግር ሳይሆን የሽቦ ችግር ነው ያለበት።

ኤሌትሪሻኑ ለሙከራ ማግኔቶቹን ከነባሩ የመብራት ሽቦ ጋር አገናኛቸው። ቀጭን ናት፣ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ ሲያደርግ 12.6 ቮልት አነበበ። መሬት ላይ ተንበርክኮ ማግኔቱ ጋ ሲለካ 10.4። ከሁለት ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀረ። ከጋቢና እስከ ማግኔት 9 ሜትር ነው። በ6 አምፔር ቀጭኑ መዳብ ብቻውን 1 ቮልት ገደማ ይበላል። የቀረውን የበላው ዝገቱ ነው። መመለሻው የራሱ ሽቦ አልነበረውም፣ በሻንሲውና በጋንቾው ኳስ በኩል ነበር የሚመለሰው። ወደ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ተቀየረ፣ መመለሻውም የራሱ ሽቦ ተሳበለት። ማግኔቱ ጋ እንደገና ሲለካ የጠፋው ግማሽ ቮልት አልሞላም። ሌላ የተነካ ነገር የለም፣ ፍሬኑ ግን ሌላ ፍሬን ሆነ።

ሽቦው በሻንሲው የላይኛው ጠርዝ፣ በጎማ ቱቦ ውስጥ ሄደ። ወደ ማግኔቱ የሚገባው ጫፍ ባሌስትራው ሲጫወት እንዳይወጠር ላላ ተደርጎ ታሰረ።

ማግኔት ተጎታቿን አቁሞ ለመተው አይሆንም። ባትሪ ይጨርሳል፣ ይግላል። ስለዚህ የተመረጠው ሰሌዳ ለእጅ ፍሬን የሚሆን ክንድ ያለው ነው፣ በብረት ገመድ የሚሳብ። ተጎታቿን ከፒካፑ ጋር የሚያያይዘው የመጠባበቂያ ሰንሰለትም አልቀረም። ተጎታቿ ድንገት ከጋንቾው ብትነቀል ደግሞ አንዲት ገመድ ፒን ትነቅላለች፤ ተጎታቿ ላይ ያለ ትንሽ ባትሪ ፍሬኑን ይይዛል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ተሽከርካሪ ደንብ እንዲህ ያለው ፍሬን ቢያንስ 15 ደቂቃ መያዝ አለበት ይላል። ያቺን ባትሪ ከመውጣታችሁ በፊት ለኩ፤ ሁልጊዜ የምትረሳ እሷ ናት።

አዲስ ሸራ ወዲያው አይነክስም። የአሜሪካው ዴክስተር በመመሪያው ከ20 እስከ 30 ጊዜ፣ ከ64 ወደ 32 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየቀነሱ እንዲያላምዱት ይመክራል። ከመጀመሪያው 320 ኪሎ ሜትር በኋላም ሸራውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህን የሚዘል ብዙ ነው፣ ከዚያ ፍሬኑን ያማል።

መዘውሩ የተስተካከለው ጠጠር ላይ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ጎማው ሊቆልፍ እስኪል ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ትንሽ መመለስ። ባዶዋን ሌላ ልክ ነው። የግፊት ፍሬን ይህን በራሱ ያደርገው ነበር፣ እዚህ ሰው ማስታወስ አለበት። ሾፌሩ መዘውሩ ዳር በጥፍር ቀለም ሁለት ነጥብ አደረገ። ቀይ ለጭነት፣ ነጭ ለባዶ።

ከዚያስ? ቁልቁለቱ ተለወጠ። ሾፌሩ በሪዶታ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል፣ ተጎታቿን በመዘውሩ እየነካ ይለቃል። ይዞ አይቆይም። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ መያዝ ይቀንሳል። ኩርባው ላይ ሽቅብ ወደ ኋላ ሲገፋ ተጎታቿ ያለ ግርግር ትሄዳለች።

ወንዙ ግን ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። ከቁልቁለቱ የወረደ ታምቡርና ሞዮ (ቸርኬው የሚታሰርበት፣ ኩሽኔታውን የያዘው መሃል) የጋለ ነው። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞዮው ውስጥ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ በፓራዎሊው (ግራሶ እንዳይወጣ በሚዘጋው የጎማ ቀለበት) በኩል ውሃ ይስባል። የኩሽኔታው ግራሶ ውሃ ሲነካው ወተት ይመስላል። በአንዱ ጎን ያገኘነው ይህንኑ ነው። አሁን ከወንዙ በፊት ይቆማሉ፣ እጅ ሞዮው ላይ አርፎ መቆየት እስኪችል ይጠብቃሉ። ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ሾፌሩ መዘውሩን በትንሹ ይዞ ጥቂት መቶ ሜትር ይነዳል። ሸራው በገዛ ሙቀቱ ይደርቃል።

ታምቡሩ ጭቃ ያጠራቅማል፣ ይህን አልደብቅም። በመጀመሪያው ፍተሻ ከግራው ታምቡር በእፍኝ የሚቆጠር የደረቀ ሸክላ ወጣ። ማግኔቱ በአንድ ጎን ተበልቷል፣ ሸራው ላይ የአሸዋ ጭረት አለ። መካኒኩ ከሰሌዳው ግርጌ ቀዳዳ እንብሳለት ይላል፣ ጭቃው እንዲወጣ። እኔ ያው ቀዳዳ ጠጠር ያስገባል እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም። የቀኙ እንዳለ ቀርቶ የግራው ተበስቷል፤ በሚቀጥለው ፍተሻ ሁለቱም ይከፈታሉ። እስከዚያው መፍቻ ሳጥኑ ውስጥ አንድ መለዋወጫ ማግኔት፣ ሁለት ፓራዎሊና አንድ ቆርቆሮ ግራሶ ገብተዋል።